ማሲንቆው የታለ?

በቀደም ለታ ለቡ ሙዚቃ ሰፈር አካባቢ ሠርግ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ሰፈሩ ሙዚቃ ከተባለ ዘንድ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። መድረኩ ላይ አንድ ልጅ፣ አንድ ኪቦርድና ቁምሳጥን የሚያካክሉ ስፒከሮች አሉ። ልጁ አንዱን ቁልፍ ሲነካ ማሲንቆ ይጮኻል፣ ሌላውን ሲነካ ዋሽንት። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት አንገታቸውን አስግገው ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡና፣ «ልጄ፣ ማሲንቆው የታለ?» አሉኝ። «አባባ፣ እዚያች ሳጥን ውስጥ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ጥያቄያቸው ግን እስከ ቤቴ ተከተለኝ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ማሲንቆ በልማዱ ብቸኛ ነው፤ አዝማሪው ለገዛ ድምፁ ይቃኘዋል፣ ራሱ ይመታል፣ ራሱ ያዜማል። በገና የጸሎት ነው፤ ከጭፈራ ጋር ዝምድና የለውም። እምቢልታ ደግሞ ብቻውን ዜማ አይሞላም፤ ነፊዎቹ እየተቀባበሉ ነው የሚያወጡት። እነዚህን ሁሉ አንድ መድረክ ላይ ላውጣ ብሎ የተነሳው ሀሊም ኤል-ዳብህ ነው። ግብፅ የተወለደ አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ሲሆን፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ በ1963 ከተለያዩ ብሔረሰቦች የመጡ ተጫዋቾችን ሰብስቦ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን መሠረተ። ቡድኑ እስከ 30 ሰው ይደርስ ነበር።

ቀላል እንዳይመስላችሁ! ሁሉም የየራሱን ቅኝት ይዞ ነው የሚመጣው። አብሮ ለመጫወት አንዱ ትንሽ ከፍ፣ ሌላው ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ማለትም መስማማት ያስፈልጋል፤ ለመስማማት ደግሞ መጀመሪያ መደማመጥ።

ከኤል-ዳብህ በኋላ ቡድኑን አሜሪካዊው የሰላም ጓድ አባል ጆን ኮ መራው፤ እ.ኤ.አ ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ተስፋዬ ለማ። ጌታመሳይ አበበ በማሲንቆ፣ መላኩ ገላው በዋሽንትና በክራር ነበሩበት። ቻርልስ ሰተን የሚባል ሌላ የሰላም ጓድ ወጣትም ከጌታመሳይ ማሲንቆ ተምሮ ቡድኑን ተቀላቀለ። እኛ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ለስድብ ስናውለው፣ ፈረንጁ ከአዝማሪ ፊት ደቀ መዝሙር ሆኖ ቁጭ አለ። በ1969 ቡድኑ «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ዞሮ ቢትልሶች በቆሙበት በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን መድረክ ላይ ቆመ።

በዚያው ዘመን አየርላንዶችም ተመሳሳይ ነገር ጀምረዋል። እ.ኤ.አ በ1962 ደብሊን ውስጥ የአገራቸውን የአየር ከረጢት ዋሽንትና ፊድል ይዘው «ቺፍቴይንስ» የሚባል ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑ ውሎ አድሮ ከሮክ ሙዚቀኞች ጋር ሁሉ ተጫወተ፤ መሥራቹ ፓዲ ሞሎኒ በ2021 እስኪሞት ድረስም ዘለቀ። ወደ 60 ዓመት ማለት ነው።

የኛስ? ደርግ በገባ ማግስት፣ በ1975፣ ተበተነ። 12 ዓመት። ተስፋዬ ለማ ኋላ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ2013 እዚያው አረፈ። የቡድኑ ሙዚቃ በ2007 «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ 23ኛ ሲዲ ሆኖ ታተመ፤ ያውም ፈረንሳይ አገር።

ኪቦርድ የያዘውን ልጅ አልወቅስም፤ እንጀራው ነው። የሠርጉንም ባለቤት አልወቅስም፤ በዚህ ኑሮ ለአምስት ሰው ከመክፈል ለአንድ መክፈል ይቀላል። ሳጥኑ ደግሞ ምቹ ነው፤ ከማንም ጋር አይከራከርም፤ ቅኝቱ አንዴ ከፋብሪካ ወጥቶ አልቋል። እኔን የሚቆጨኝ ግን ድምፁ አይደለም፤ ድምፁማ ይኸው በሳጥን ተገኘ። የሚቆጨኝ ያ ልምምድ ነው፤ ከየአቅጣጫው የመጡ ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ «አንተ ትንሽ ዝቅ በል፣ እኔ ትንሽ ከፍ ልበል» የሚባባሉበት። ይህ ለሙዚቃ ብቻ የሚያስፈልግ ነገር ነው እንዴ?

አዛውንቱን ዳግም ባገኛቸው የምመልስላቸው ይህንን ነው። አባባ፣ ማሲንቆውስ አለ፤ የጠፋው አብሮ መቃኘቱ ነው።