የምላስ ሥር አጥንትና የንግግር ጥንተ አመጣጥ

በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕክምና የተማረ ሰው ሃዮይድ የሚባለውን አጥንት በአናቶሚ ትምህርት ተዋውቆ ብዙም ሳይቆይ ይዘነጋዋል። ከመንጋጋ በታች፣ ከማንቁርት በላይ፣ በምላስ ሥር የተቀመጠው ይህ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ትንሽ አጥንት ከሌላ አጥንት ጋር በመገጣጠሚያ አይያያዝም፤ በጡንቻና በጅማት ተንጠልጥሎ ይኖራል። በአመዛኙ የሚታወሰውም ታንቆ የሞተ ሰው አስከሬን ሲመረመር ነው። ይኸው የተዘነጋ አጥንት ከሆስፒታሉ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም በተከናወነ ሥራ፣ ስለ ንግግር አጀማመር ከሚቀርቡት ብርቅ ማስረጃዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

አንትሮፖሎጂስቱ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የአክሱም ተወላጅ ሲሆኑ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምድርን አጥንተው የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በፓሪስ አግኝተዋል። በአፋር ክልል በዲኪካ ምርምር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። በታኅሣሥ 10 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. የቡድኑ አባል ጥላሁን ገብረሥላሴ በአንድ ተዳፋት ላይ ከአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ብቅ ያለ ትንሽ ፊት ተመለከቱ። «ሰላም» የተባለችው ይህች ሕፃን ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች፣ የድንቅነሽ ዝርያ የሆነው የአውስትራሎፒቴከስ አፋሬንሲስ አባል ናት። አንዳንድ ጋዜጦች «የሉሲ ልጅ» ብለዋታል፤ ይሁን እንጂ «ልጅቱ» ከ«እናቷ» በመቶ ሺህ ዓመት ገደማ ትቀድማለች።

የራስ ቅሉ፣ የጀርባ አጥንቱ፣ የትከሻውና የጎድኑ አጥንት እንደ ሲሚንቶ በጠነከረ የአሸዋ ድንጋይ ተጣብቀው ነበር። ዶክተር ዘረሰናይ የጥርስ ሐኪም በሚጠቀምበት መቦርቦሪያ ድንጋዩን ቅንጣት በቅንጣት እያነሡ ከአምስት ዓመት በላይ ደከሙ። እጅ ቢቸኩል ኖሮ ሃዮይዱ ከድንጋዩ ጋር አብሮ በደቀቀ ነበር። አጥንቱ እጅግ ስስ በመሆኑ በቅሪተ አካል መልክ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ውጤቱ በመስከረም 21 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ፤ በዚያን ጊዜ ከዘመናዊው ሰው በፊት ከኖሩት መካከል በሚገባ የሚታወቀው ሌላው ሃዮይድ እ.ኤ.አ. በ1983 በእስራኤል ከከባራ ዋሻ የተገኘው የኒያንደርታል ብቻ ነበር።

የሰላም ሃዮይድ የሰውን አይመስልም። እንደ ቺምፓንዚና እንደ ጎሪላ መካከሉ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው፤ በነዚህ እንስሳት ጉድጓዱ ከማንቁርት የሚነሣው የአየር ከረጢት የሚገባበት ነው። ስለዚህ ሰላምም ከረጢቱ ነበራት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ባርት ደ ቡር የተባሉ ተመራማሪ በሰው ሠራሽ ሞዴል እንዳሳዩት፣ የአየር ከረጢት አናባቢ ድምፆችን እርስ በርስ ለመለየት አስቸጋሪ ያደርጋቸዋል። የከባራው፣ በስፔን አታፑዌርካ የተገኙትና ከ400 ሺህ ዓመት በላይ የሆናቸው ሃዮይዶችም ጉድጓድ የላቸውም። እንግዲህ ከረጢቱ የጠፋው ከሰላም ዘመን በኋላ፣ ከአታፑዌርካዎቹ በፊት ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል። የከባራው አጥንት የዘመናዊውን ሰው በመምሰሉ ኒያንደርታል ይናገር ነበር ሲባል፣ ፊሊፕ ሊበርማን የአንድ አጥንት ቅርጽ ብቻውን የማንቁርትን ቦታ አያረጋግጥም ሲሉ ተቃውመዋል፤ ተቃውሟቸውም ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በቴኩምሴ ፊች የተመራ ቡድን የጦጣን ጉሮሮና አፍ በኤክስሬይ አጥንቶ፣ አካሉ ለንግግር የሚበቃ ድምፅ ማውጣት እንደሚችል፣ የጎደለው አንጎሉ መሆኑን አመለከተ። አንጎሉ በስትሮክ ተጎድቶ፣ ጉሮሮውና ምላሱ ደኅና ሆነው ሳለ ንግግር የጠፋበትን ሕመምተኛ ላየ የጤና ባለሙያ ይህ እንግዳ አይሆንም።

ጥያቄው ወደ አንጎል የዞረውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ፊሊፕ ጉንዝ፣ ዶክተር ዘረሰናይና ባልደረቦቻቸው በግሬኖብል ከተማ በሲንክሮትሮን ጨረር የተነሣውን የሰላምን ጥርስና የራስ ቅል መርምረው ባወጡት ጥናት፣ ሕፃኗ የሞተችው በ861 ቀን ዕድሜዋ መሆኑን ገለጹ። የአንጎሏ አደረጃጀት የቺምፓንዚን ይመስላል፤ እድገቱ ግን እንደ ሰው ልጅ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቀጥል ነበር። በሞተችበት ጊዜ የአንጎሏ መጠን 275 ሚሊ ሊትር ያህል ነበር። ዛሬ በዚሁ ዕድሜ ለክትባትም ሆነ ለሕመም ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ቃላትን አገናኝቶ ይናገራል፤ ካልተናገረም እናቱ ትጠየቃለች።