«መፍታት» ወይስ «ማስወገድ»፦ ስለ ናፍታ ሞተር ስያሜዎች

በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ጅማ የአንድ ሰፊ ግዛት መቀመጫ ነበረች። ጎማ፣ ፍሬንና ናፍታ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ቃላት ናቸው፤ ከጅማና ከአጋሮ ቡና ሲያመላልሱ ከኖሩት ከባድ መኪኖች አንዱ የሆነው ፊያትም «ኤንትሬ» የተባለው «ኤን ሦስት» በሚለው የጣሊያንኛ አጠራር ነው። ናፍታን በግፊት ወደ ሲሊንደር የሚረጨው «ኖዝል» ግን ከእንግሊዝኛ መጣ። ስሞቹ ባዕድ ቢሆኑም ግሶቹ የአማርኛ ናቸው፤ መካኒኩ ኖዝሉን «ይፈታል»፣ መልሶ «ይገጥማል»፣ ከናፍታው መስመር «አየር ያስወጣል»። ስለዚህ ለ«ኖዝል» «መርጫ» የሚል አቻ ቢቀርብ እንኳ፣ «መፍታት» ማለት ሲገባው «ማስወገድ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ያሳስታል፤ የተፈታ ዕቃ ጸድቶ ይመለሳል፣ የተወገደ ግን ተጥሏል። መዝገበ ቃላታችን ስሙን ከነግሱ ሊመዘግብ ይገባል እንላለን።