ከግዞት እስከ ስቅላት፦ ከባድ ወንጀለኛን የቀጣንባቸው መንገዶች

የክርክር ክበባችን ለዚህ ወሰነ ትምህርት «ከባድ ወንጀል የሠራ ሰው በሞት ይቀጣ ወይስ ከአገር ይባረር?» የሚል ርዕስ መርጧል። ርዕሱ ጥሩ ነው። ሆኖም በልምምዱ ላይ ሁለቱም ወገኖች ስለ አሜሪካና ስለ ቻይና ብዙ ሲናገሩ ሰማን እንጂ የራሳችንን አገር ያነሣ፣ ወይም አሁን የምንኖርባትን ሐርጌሳን የጠቀሰ አልነበረም። ስለዚህ እኛ የታሪክ መምህራን ተሰብስበን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን። የሕግ ባለሙያዎች አይደለንም፤ አንዳንዶቻችን ዩኒቨርሲቲውንም ሳንጨርስ ነው የወጣነው። ዓመተ ምሕረቶቹ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለባቸው በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በጥንቱ ሥርዓት እንጀምር። ነፍስ የገደለ ሰው የመንግሥት ጠላት ከመሆኑ በፊት የሟች ቤተሰብ ባለዕዳ ነበር። መጽሐፉ ፍትሐ ነገሥት ነው፤ በ13ኛው መቶ ዘመን እ.ኤ.አ. በግብፅ ክርስቲያኖች ዘንድ በዐረብኛ ተጠናቅሮ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ። በተግባር ግን ገዳዩ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር። እነሱም ወይ ይገድሉታል፣ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። ቄሶችና ሽማግሌዎች መስቀልና ድንጋይ ይዘው «ስለ እግዚአብሔር ማሩት» እያሉ ይለምናሉ። በአፄ ምኒልክ ዘመን የሞት ፍርድ ከንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት ሳይደርስ እንዳይፈጸም ተደረገ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ስለ ሞት የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የተበደለው ቤተሰብ መሆኑ ቀርቶ ንጉሡ ሆነ።

ይህን የጥንት ወሬ ነው ብሎ የሚንቅ ተማሪ ካለ ወደ ሐርጌሳ ገበያ ወጥቶ አንድ ሽማግሌ ይጠይቅ። በሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ በ«ሔር»፣ ለተገደለ ወንድ 100 ግመል፣ ለሴት 50 ግመል ይከፈላል። ከፋዩም ገዳዩ ብቻ ሳይሆን አብረውት «መግ» የሚያወጡት ወገኖቹ ናቸው። (የወንድና የሴት ልዩነቱን ልጃገረዶቹ በክርክሩ ላይ እንደሚያነሡት አንጠራጠርም፤ ያንሡት!) የሶማሊላንድ ፍርድ ቤቶችም በሞት ይፈርዳሉ። ሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. 6 ሰዎች በጥይት ተገድለዋል። ነገር ግን የሟች ቤተሰብ ደሙን በካሳ ከተቀበለ ገዳዩ ከሞት ሊተርፍ ይችላል። አያቶቻችን የሚያውቁት ሥርዓት እዚህ በአካል ይሠራል ማለት ነው።

ግዞት ደግሞ ሌላ ነው። ግዞት ማለት ሰውን በተወሰነ ቦታ፣ በጠባቂ ሥር ማስቀመጥ ነው። በአምባ ግሼን፣ ኋላም በወህኒ አምባ የታሰሩት የነገሥታት ልጆች ወንጀላቸው መወለዳቸው ብቻ ነበር። ከሁሉም የሚታወቀው ግን ልጅ ኢያሱ ናቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን ሲሻሩ እሳቸው ሐረር ነበሩ፤ ክሱ የተነበበው በሌሉበት ነው። በ1913 ተይዘው ፍቼ ታሰሩ፤ በ1924 አምልጠው እንደገና ተያዙና ወደ ሐረርጌ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። በ1928 ሞቱ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ በችሎት ቆመው «አድርጌያለሁ» ወይም «አላደረግሁም» አላሉም። ጣሊያንም ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ያደረገው ይህንኑ ነው። መኳንንቱን በመቶ እየቆጠረ ወደ ጣሊያን አገር፣ ብዙ ሌሎችን ከሞቃዲሾ በስተደቡብ ወዳለው የደናኔ እስር ቤት አጋዘ። ደናኔ ከገቡት ብዙዎቹ አልተመለሱም።

ወደ ስቅላት እንለፍ። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጎጃም ውስጥ ጣሊያንን አምስት ዓመት የተዋጉ አርበኛ ነበሩ። ከነፃነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልተው ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠላቸው፤ አምልጠው ተያዙና ጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። «ለጣሊያን ያደረ ሲሾም አርበኛ ተሰቀለ» የሚለው ቁጭት እስከ ዛሬ ከጎጃም አልወጣም። ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ደግሞ የታኅሣሥ 1953ቱን መፈንቅለ መንግሥት ከመሩት አንዱ ናቸው። ሙከራው ሲከሽፍ በቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት ተረሽነዋል፤ ስለዚህ ክሱ ቀላል አልነበረም። ጄኔራሉ ግን ፍርድ ቤት ቀረቡ፣ ቃላቸውን ሰጡ፣ ይግባኝም አልጠየቁም። መጋቢት 21 ቀን 1953 ተክለ ሃይማኖት አደባባይ በሕዝብ ፊት ተሰቀሉ። በችሎት የተናገሩት ከገመዱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አግኝቷል። ከ13 ዓመት በኋላ ወጣቱ የሚያወራው ስለ ንግግራቸው ነበር።

ከዚያ 1967 መጣ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ አብዮቱ ያለ ደም ይሄዳል ብሎ ነበር። የቀድሞዎቹን ባለሥልጣናት ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽንም ተቋቁሞ፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በሊቀ መንበርነት ይመሩት ነበር። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት፣ 60 ሰዎች ተገደሉ። ከመካከላቸው ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ይገኛሉ፤ ጄኔራል አማን አንዶም በዚያው ሌሊት በቤታቸው በተኩስ ሞቱ። አገሩ በማግሥቱ በሬዲዮ ሰማ። በእኛ አስተያየት የኢትዮጵያ የዘመናችን ታሪክ የታጠፈው እዚህ ላይ ነው። ከነዚያ 60 ሰዎች መካከል በእርግጥ ያጠፋ ሊኖር ይችላል። ለወሎ ረሃብ ማን ተጠያቂ እንደነበር ኮሚሽኑ ሊነግረን ተቀምጦ ነበር። ጥይቱ ግን ጥፋተኛውንም ንጹሑንም በአንድ ጉድጓድ አስገባቸውና ጥያቄው አብሮ ተቀበረ። ያለ ፍርድ መግደል አንዴ ከተለመደ በኋላ ደግሞ ቀይ ሽብር ሲመጣ «ለምን ፍርድ ቤት አልቀረበም?» ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ነገሩ በሌላ መንገድ ተሞከረ። በሐምሌ 1984 የተገደሉት ባለሥልጣናት አፅም ከጉድጓድ ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። በነሐሴ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። ዋናው ክስ በታኅሣሥ 1987 ተጀመረ፤ ከ70 በላይ የደርግ ከፍተኛ ሹማምንት ተከሰሱበት። ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፦ የተከሰሱበት ሕግ ወያኔ ያወጣው ሳይሆን የአፄ ኃይለ ሥላሴ የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የዘር ማጥፋት ስምምነት ከሁሉ ቀድማ፣ በ1949 እ.ኤ.አ. ያጸደቀች አገር ናት። የ1949ኙ ሕግ አንቀጽ 281 ደግሞ ከስምምነቱ አልፎ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም ጨመረ። ደርጎች በጣሉት ንጉሥ ሕግ፣ ራሳቸው በፈረሙት ወረቀት ተከሰሱ። ደርግ የግድያ ትእዛዝ እየፈረመና ማኅተም እየመታ ፋይል ያስቀምጥ ስለነበር ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ አላጣም።

ጉዳዩ 12 ዓመት ፈጀ። ተከሳሾቹ በእስር እያረጁ፣ ምስክሮች እየሞቱ ስንት ቀጠሮ አለፈ! ይህ መጓተት በራሱ በደል ነው፤ የሟች እናት ይህን ያህል ልትጠብቅ አይገባም ነበር። ታኅሣሥ 1999 ጥፋተኛ ተባሉ፤ ጥር ላይ ለኮሎኔል መንግሥቱና ለሌሎች የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ለወጠው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 በሰብዓዊነት ላይ ለተፈጸመ ወንጀል ምሕረትም ይቅርታም አይደረግም ይላል፤ ለርእሰ ብሔሩ የተወለት ሞትን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ ብቻ ነው። የሃይማኖት መሪዎች ስለ ጠየቁም በግንቦት 2003 ተለወጠላቸው፤ 20 ዓመት ታስረው ነበርና በመስከረም 2004 ብዙዎቹ በአመክሮ ወጡ። የተጎጂ ቤተሰቦች ለሁለት ተከፈሉ፤ «ደማችን ተረሳ» ያሉም፣ «ይብቃ» ያሉም ነበሩ። ሁለቱንም እንረዳቸዋለን። ሆኖም ከ1967ቱ ሌሊት ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ ማን በማን ትእዛዝ እንደ ተገደለ ዛሬ በመዝገብ አለ። ሩዋንዳም ሚያዝያ 1998 እ.ኤ.አ. 22 ሰዎችን በአደባባይ ረሽና፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የሞት ቅጣትን ጨርሳ አስቀርታለች።

ከአገር መባረር ይሻላል ለሚለው ቡድን ደግሞ ጥያቄ አለን። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ወደ ዚምባብዌ ሄዱ፤ ዚምባብዌም አሳልፋ አልሰጠቻቸውም። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ዚያድ ባሬም ከሞቃዲሾ ሸሹና በ1995 እ.ኤ.አ. ሌጎስ ውስጥ ሞቱ፤ ፍርድ ቤት አላያቸውም። በ1988 እ.ኤ.አ. ሐርጌሳን ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ የደበደቡ አውሮፕላኖች የማን ትእዛዝ እንደፈጸሙ ይህ ሕዝብ ያውቃል። አንዱ ሚግ ዛሬ መሐል ከተማ ሐውልት ላይ ተሰቅሏል። በ1997 እ.ኤ.አ. ከባድ ዝናብ ማልኮ ዱርዱሮ ላይ የጅምላ መቃብሮችን ገልጦ አወጣ። የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር መሐመድ አሊ ሰመተር አሜሪካ ውስጥ ቨርጂኒያ ይኖሩ ነበር፤ ሰለባዎቹ ከስንት ዓመት ክርክር በኋላ በ2012 እ.ኤ.አ. የ21 ሚሊዮን ዶላር ካሳ አስፈረዱባቸው። እስር ግን አልነበረም። በ1988 እ.ኤ.አ. ከሐርጌሳ ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ሐርትሼክ የተሰደደው ሕዝብ ድንኳን ውስጥ ዓመታት ቆጥሯል። ስደት ቅጣት ከሆነ፣ የተቀጣው ማን እንደሆነ እኛ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ለተከራካሪዎቹ የምንተወው የመጨረሻው ማስረጃ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። በ1983 ብርሃኑ ባየህ፣ አዲስ ተድላና ሌሎች የደርግ ሹማምንት ወደ ጣሊያን ኤምባሲ ገቡ። ሁለቱ እዚያ ሞቱ። የጣሊያን ሕግ የሞት ቅጣት ለሚጠብቀው ሰው አሳልፎ መስጠትን ስለሚከለክል ኢትዮጵያ የፈረደችው ሞት ራሱ ከእስር ቤቷ አዳናቸው። የተከሰሱት በሌሉበት ነው፤ ከአጥር ውጭ ያለችውን ከተማ ሳይረግጡ ከ29 ዓመት በላይ ኖሩ። ሞቱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦላቸው፣ በታኅሣሥ 2013 በአመክሮ በሽምግልናቸው ወጡ። ያንን 29 ዓመት እስር እንበለው፣ ግዞት እንበለው ወይስ ማምለጥ? የሁለቱም ቡድን አባላት በዚህ ላይ መልስ ይዘው ይምጡ።