የቁጥር ዝምድናና የጨረቃ ፍርድ

በወሎ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞአ መሪነት የትምህርት ማእከል ሆነ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ባሕረ ሐሳብ በሚሉት ስሌት ዓመተ ዓለምን ለ19 አካፍለው፣ ከቀሪው ተነሥተው የአጽዋማትን ቀን ያወጣሉ። ስሌቱ የጸናው 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት በጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚለያዩ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ዲራክ ሌላ ዝምድና አቀረበ። በፕሮቶንና በኤሌክትሮን መካከል የኤሌክትሪክ ኃይል ስበትን የሚበልጥበት እጥፍ፣ 1 ተጽፎ 39 ዜሮ ይከተለዋል፤ የአጽናፈ ዓለም ዕድሜም በአቶም የጊዜ ልክ ሲሰፈር ወደዚሁ ይጠጋል። ስለዚህ ስበት ከዘመን ጋር ይቀንሳል አለ። ከ1969 ወዲህ በሌዘር የተለካው የጨረቃ ርቀት ግን የገመተውን ያህል ቅነሳ አላሳየም።

ጨረቃ አንዱን ስሌት አጸናች፣ ሌላውን ጣለች። ቁጥር ቢገጥምም ያለ ልኬት ሕግ አይሆንም።