ተሠርቶ ሳይሠራ የቀረ የአቶም ኃይል ማመንጫ

ስለ አቶም ኃይል በተወራ ቁጥር አስቀድመው የሚነሡት ጥያቄዎች አደጋውና ወጪው ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ከግንባታው በኋላ ሲመዘኑ ምን እንደሚያስከትሉ በአውስትሪያ የሆነውን እናንሣ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዳኑብ ወንዝ ዳር፣ ትስቬንተንዶርፍ በምትባል ቀበሌ፣ 700 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ የአቶም ጣቢያ ሥራ በ1972 ተጀመረ። ከ5 ቢሊዮን ሺሊንግ በላይ ፈሰሰበት፤ ሕንፃው አለቀ፤ መሣሪያውም ተተከለ። በዚህ መካከል ሕዝቡ ይጠይቅ ጀመር። ምድር ብትናወጥስ? ከነዳጁ የሚተርፈው መርዛም ቅሪት ለብዙ ሺሕ ዓመት የሚቀበረውስ ወዴት ነው? ለዚህ ለኋለኛው አጥጋቢ መልስ የሰጠ አልነበረም።

መራሔ መንግሥቱ ብሩኖ ክራይስኪ ነገሩን ለሕዝብ ፍርድ አቀረቡት። ኖቬምበር 5 ቀን 1978 ከመቶ 50.5 እጁ ተቃወመ፤ የድምፁ ልዩነት 30,000 እንኳ አይሞላም። ክራይስኪ ቢሸነፉ ሥልጣን ሊለቁ እንደሚችሉ ጠቁመው ስለ ነበረ፣ በአቶሙ ሳይሆን በእርሳቸው ላይ የፈረዱም ነበሩ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለው ጉዳይ ከአንድ ሰው ወንበር ጋር መያያዙን አልወደውም። እርሳቸውም አልለቀቁም፤ እንዲያውም በሚቀጥለው ዓመት ምርጫውን አሸነፉ። የአቶምን ኃይል የሚከለክለው ሕግ በዚያው በዲሴምበር ወጣ። ባለቤቶቹ ግን አንድ ቀን ይፈቀድ ይሆናል በማለት ጣቢያውን ለዓመታት በወጪ ሲጠብቁት ኖሩ፤ በኤፕሪል 1986 የደረሰው የቼርኖቢል አደጋ ክርክሩን ዘጋው።

በየመሥሪያ ቤቱ በጀት የምታዘጋጁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ ከአንድ አንቀጽ የተሰረዘ ወጪ በሌላ አንቀጽ ይመጣል። አውስትሪያ በውኃ ኃይል የታደለች አገር ናት፤ ነገር ግን በ1984 በዚያው በዳኑብ ላይ፣ ሃይንቡርግ አጠገብ፣ ግድብ ሊሠራ ሲታሰብ ብዙ ሰዎች በክረምቱ ብርድ ጫካው ውስጥ ሰፍረው ሥራውን አስቆሙት። ስፍራው በ1996 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ከትስቬንተንዶርፍ አጠገብ፣ ዲርንሮር ላይ፣ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ጣቢያ ተተክሎ ለአቶሙ በታሰበው የኃይል መስመር ተጠቀመ፤ ከሰሉንም እስከ 2019 ሲያነድ ኖረ። ያ ሁሉ ጢስ በ1978ቱ ሚዛን ላይ አልተቀመጠም ነበር።

ትስቬንተንዶርፍ ዛሬም ቆሟል። ነዳጅ ስላልተጫነበት ጨረር የለውም፤ የሌላ አገር የአቶም ጣቢያ ሠራተኞች ሠልጥነውበታል። በ2009 የፀሐይ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሰሌዳዎች ተተከሉበት። የሚሰጡት ኃይል አስቀድሞ ከታሰበው ከሺሕ አንዱን አይሞላም።