ፊልሙ ንጉሡን ጣለን?

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ አሳየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። «ንጉሡን የጣለው ፊልሙ ነው» የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። በየካቲት 1966 አደባባይ የወጡት ተማሪዎች፣ መምህራንና ታክሲ ነጂዎች ናቸው፤ ልሳናቸውም በየመንገዱ የሚበተን ወረቀት ነበር። ቴሌቪዥኑ የተከተለው ደርግ ከበረታ በኋላ ነው። ያው ደርግ ከ10 ዓመት በኋላ የአብዮት በዓሉን ሲያደምቅ አዲሱን ረሃብ ሸሸገ፤ መሐመድ አሚን የቀረጸውን የኮረም ሰቆቃ ዓለም በጥቅምት 1977 ከቢቢሲ አየ። ስለዚህ ዛሬ በፌስቡክ ለሚዘዋወር ምስል እውነት መሆኑ ብቻ አይበቃኝም፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን አሳየን ብዬ እጠይቃለሁ።