ከተማይቱን ለቀው የሄዱት፤ ስለ በርሊን ጉዳይ አጭር ጥናት
ስለ በርሊን የተጻፉትን የታሪክ መጻሕፍት ስንገልጥ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው የመሪዎችን ክርክር ነው። በአንድ ወገን ኬኔዲ፥ በሌላው ወገን ክሩስቼቭ ተቀምጠው ከተማይቱ በመካከላቸው እንደ ገበጣ ተዘርግታ ትታያለች። ጠጠር እንጂ ሰው ያለባት አትመስልም። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አሳብ ከዚህ ይለያል። በርሊንን የኀያላኑ ራስ ምታት ያደረጋት፥ ግንቡንም ያስገነባው፥ ኋላም ያስፈረሰው አንዲት ሻንጣ አንጠልጥሎ ቤቱን ለቆ የሄደው ተራ ሰው ነው እንላለን። ዘመኑን የምንቆጥረው በአገራችን አቆጣጠር ሲሆን በሚያሻበት ቦታ የፈረንጆቹን በቅንፍ ጨምረናል።

ጀርመን በግንቦት ወር 1937 ዓ.ም. ድል በተመታች ጊዜ አሸናፊዎቹ አሜሪካ፥ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ሶቪዬት ኅብረት አገሪቱን በአራት ከፍለው ያዙ። ዋና ከተማይቱንም እንዲሁ ለአራት ተካፈሏት። ነገሩን ያወሳሰበው የቦታው አቀማመጥ ነው። በርሊን በሁለቱ ጀርመኖች ወሰን ላይ የነበረች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን ከተማይቱ የነበረችው በሶቪዬቶች ክፍል እምብርት፥ ከምዕራቡ ወሰን ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነው። ይኸውም ከቦንጋ ጅማ ከሚያደርሰው መንገድ ይረዝማል። ምዕራብ በርሊን እንግዲህ በባላጋራ መንግሥት መካከል የቀረች ደሴት ነበረች ማለት ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው በገንዘብ ምክንያት ነው። ምዕራባውያኑ በያዙት ክፍል አዲስ ማርክ ባወጡ ጊዜ ሶቪዬቶች ሰኔ 17 ቀን 1940 ዓ.ም. (1948) ወደ ምዕራብ በርሊን የሚወስደውን የመኪናና የባቡር መንገድ፥ የውኃውንም መተላለፊያ ዘጉ። ምዕራባውያኑ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጠውን ሕዝብ በአየር መመገብ ጀመሩ። ከ277 ሺህ በላይ በረራ ተደርጎ 2.3 ሚሊዮን ቶን ያህል ዕቃ ገባ፤ ከዚህም የሚበዛው ምግብ ሳይሆን የድንጋይ ከሰል ነበረ። መንገዱ ግንቦት 4 ቀን 1941 ዓ.ም. ተከፈተ። በዚያው ወር ምዕራብ ጀርመን፥ በመስከረም 1942 ዓ.ም. ደግሞ ምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ሆነው ቆሙ። ይህ ሁሉ በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ አንዘገይበትም።

ልንዘገይበት የሚገባው ከዚያ በኋላ ያለው ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በግንቦት 1944 ዓ.ም. (1952) ከምዕራብ ጀርመን ጋር የሚያዋስነውን ድንበር በሽቦ አጠረ። በርሊን ግን የአራቱ ኀያላን የጋራ ኀላፊነት ስለ ነበረች በመካከሏ ወዲያው አጥር ሊቆም አልቻለም። የምድር ውስጥ ባቡሩና የከተማው ባቡር ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይመላለሱ ነበር። በዐሥር ሺህ የሚቆጠሩ የምሥራቅ በርሊን ነዋሪዎች ጧት ወደ ምዕራብ ሄደው ሠርተው ማታ ይመለሱ ነበር። መኮብለል ለሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው የባቡር ትኬትና ድፍረት ብቻ ነው። ጓዝ የያዘ መንገደኛ በፖሊስ ስለሚጠረጠር፥ ብዙዎች ቤታቸውን እንዳለ ትተው ዘመድ ሊጠይቅ እንደሚሄድ ሰው ባዶ እጃቸውን ይሳፈሩ ነበር። ማዶ ሲደርሱ በ1945 ዓ.ም. በተከፈተው በማሪየንፌልደ መቀበያ ጣቢያ ይመዘገባሉ፤ ከዚያም ብዙዎቹ በአውሮፕላን ወደ ምዕራብ ጀርመን ይላካሉ።

በዚህ ሁኔታ እስከ 1953 ዓ.ም. ድረስ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ምሥራቅ ጀርመንን ለቆ ሄደ። ሰኔ 10 ቀን 1945 ዓ.ም. የሠራተኞች ዐመፅ በሶቪዬት ታንክ በተደመሰሰበት የፈረንጆች ዓመት (1953) ብቻ የሄደው ከ330 ሺህ በላይ ነበረ። ቁም ነገሩም በቁጥሩ ብቻ አይደለም። ከሄዱት ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች ነበረ። ሐኪሙ ሄደ፤ መሐንዲሱ ሄደ፤ መምህሩ ሄደ። መንግሥቱ አስተምሮ ያሳደገውን ሰው ለባላጋራው አስረከበ። (እኛም ተማሪዎች ይህን ስናነብ ዝም ብለን አናልፈውም፤ ከመካከላችን ዲግሪውን በተቀበለ ማግሥት ፓስፖርት ለማውጣት የሚያስብ ስንት እንደ ሆነ እናውቃለንና።) ሕጉ ነገሩን ከሪፐብሊክ መኮብለል ብሎ ወንጀል አደረገው። ቅጣት ግን የሄደውን ሐኪም አይመልስም።

የኀያላኑን ክርክር ከዚህ ጋር አያይዘን ስናየው መልኩ ይለወጣል። ክሩስቼቭ ኅዳር 18 ቀን 1951 ዓ.ም. (1958) ምዕራባውያኑ ጦራቸውን በስድስት ወር ውስጥ እንዲያወጡና ምዕራብ በርሊን ነጻ ከተማ እንድትሆን ሲጠይቁ፥ የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ዋልተር ኡልብሪክት ከበስተኋላ ሆነው ይወተውቷቸው ነበር። በግንቦት መጨረሻ 1953 ዓ.ም. በቪየና ከኬኔዲ ጋር ሲገናኙም ያንኑ ዛቻ ደገሙት። ዛቻው በተሰማ ቁጥር ደግሞ በሩ ሳይዘጋ ልውጣ የሚለው ሰው በዛ። በሐምሌ ወር ብቻ 30 ሺህ ያህል ሰው ተሻገረ። ይህ የማያቋርጥ አዙሪት ነበረ፤ መሪዎቹ ሊያቆሙት የፈለጉትን ፍልሰት የሚያባብሰው የራሳቸው ንግግር ነው። ኡልብሪክት በሰኔ 8 ቀን ጋዜጣዊ ስብሰባቸው ላይ አንዲት ጋዜጠኛ ስለ ወሰን ብትጠይቃቸው፥ ግንብ የሚሠራ አሳብ ያለው ማንም የለም ብለው መለሱ። ግንብ የሚለውን ቃል ያነሡት እርሳቸው እንጂ ጠያቂዋ አልነበረችም።

እሑድ ነሐሴ 7 ቀን 1953 ዓ.ም. (1961) ሌሊት ወታደሮችና ፖሊሶች በከተማይቱ መካከል እሾህ ያለው ሽቦ ዘረጉ፤ ባቡሩም ተቋረጠ። ያ ዓመት በአገራችን የሚታወሰው በታኅሣሥ በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ነው፤ በበርሊን ግን ማብቂያው ከመባቻው የከፋ ሆነ። በበርናወር ጎዳና የቤቱ ፊት የምሥራቅ፥ ከደጁ ያለው የእግረኛ መንገድ የምዕራብ ስለ ነበረ ሰዎች ከፎቅ መስኮት እየዘለሉ አመለጡ፤ በመዝለል የሞቱም አሉ። መስኮቱ በጡብ ተደፈነ። በዚያው ጎዳና የነበረው የዕርቅ ቤተ ክርስቲያን፥ ስሙን ልብ ይሏል፥ በሁለት አጥሮች መካከል ምእመን አልባ ሆኖ ከቆየ በኋላ በጥር 1977 ዓ.ም. (1985) በፈንጂ ፈረሰ። ሽቦው ወደ ግንብ ተለውጦ፥ ምዕራብ በርሊንን ዙሪያዋን የከበበው አጥር 155 ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰ። በዚህ ግንብ ሳቢያ የሞቱት ቢያንስ 140 ሰዎች ናቸው።

ኀያላኑስ ምን አደረጉ? አሜሪካ ተቃውሞዋን በጽሑፍ አቀረበች፥ ምክትል ፕሬዚዳንት ጆንሰንን ላከች፥ ወታደር ጨመረች፤ ሽቦውን ግን አልነካችም። በጥቅምት 17 እና 18 ቀን 1954 ዓ.ም. የአሜሪካና የሶቪዬት ታንኮች በመተላለፊያው በር አፍ ለአፍ ቆመው ዓለምን አስጨንቀው ነበር፤ እነርሱም በየተራ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ኬኔዲ ግንብ ከጦርነት ይሻላል የሚል አሳብ እንደ ነበራቸው ረዳታቸው ጽፏል። በእኛ ግምት ይህ የችግሩ ቁልፍ ነው። ግንቡ ለሁለቱም ኀያላን ዕረፍት ሰጣቸው። የዕረፍቱን ዋጋ የከፈለው ግን በዚያ ሌሊት በምሥራቅ ያደረው ሰው ነው።

ካፋ ውስጥ ላደግን ሰዎች ይህ ነገር ሂሪዮን ያስታውሰናል። የካፋ መንግሥት በ1889 ዓ.ም. በተነሣው በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ እስከ ወደቀ ድረስ ዳር ድንበሩን ሂሪዮ በሚባል ጥልቅ ቦይ አጥሮ፥ በየመግቢያው ኬላ አቁሞ ይጠብቅ ነበር። ነጋዴ ያለ ፈቃድ አይገባም፥ አይወጣምም። አጥር መሥራት እንግዲህ ለአንድ ወገን ብቻ የተሰጠ ጠባይ አይደለም። ልዩነቱን ግን ማየት ይገባል፤ ሂሪዮ በዋናው የተቆፈረው ለሚመጣ ጠላት ነበረ። የበርሊኑ ግንብ የጸረ ፋሺስት መከላከያ የሚል ስም ቢሰጠውም፥ የጠባቂዎቹ ጠመንጃ የዞረው ወደ ገዛ ሕዝባቸው ነው።

በርሊንና ካፋ በሌላም መንገድ ይገናኛሉ፤ ይኸውም በቡና ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. (1975) በብራዚል የወረደው ውርጭ የቡናውን ተክል ስላጠፋ ዋጋው በዓለም ገበያ እጅግ ናረ። ምሥራቅ ጀርመን በውጭ ምንዛሪ የምትገዛውን ቡና መቀነስ ግድ ሆነባት፤ በ1969 ዓ.ም. (1977) ግማሹ ቡና፥ ግማሹ አጃና አተር የመሰለ ነገር የተቀላቀለበት ዱቄት ለሕዝቡ አቀረበች። ሕዝቡ አጉረመረመ። ግንብ ሲሠራበት ዝም ያለ ሰው ስለ ስኒው ተነሣ ብሎ የሚያፌዝ ይኖራል፤ እኛ ግን አናፌዝም፤ ቡና ሲጠፋ ቤት ምን እንደሚመስል በዋጫ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ምዕራብ ጀርመን ያሉ ዘመዶች በፖስታ የሚልኩት ቡናም ግንቡን ተሻግሮ የሚመጣ ወቀሳ ሆነ።

ያን ጊዜ ደርግ ከአሜሪካ ተለያይቶ፥ የሶማሊያም ጦር በኦጋዴን እየገባ፥ መሣሪያ አጥብቆ ይሻ ነበር። ቬርነር ላምበርትስ የተባሉት የምሥራቅ ጀርመን ባለሥልጣን አዲስ አበባ መጥተው ከኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር ቡና በመሣሪያ ለመለዋወጥ ተስማሙ። የያኔው የከፋ ክፍለ ሀገር ከኢትዮጵያ ዋና ዋና ቡና አብቃዮች አንዱ ነበረ። እንግዲህ በምሥራቅ በርሊን ማዕድ ቤት የጎደለው ስኒ በጂጂጋ ከሚተኮሰው ጥይት ጋር በአንድ ሒሳብ ተመዘገበ። ልውውጡ ብዙ ዓመት አልቆየም፤ ወዳጅነቱ ግን ቀጥሎ፥ በ1970 ዓ.ም. ደርግና ሻዕቢያ የተነጋገሩት በዚያችው በምሥራቅ በርሊን ነበር።

ግንቡም የወደቀው እንደ ተሠራበት ምክንያት ነው፤ በሚሄዱ ሰዎች። ሀንጋሪ ድንበሯን ለምሥራቅ ጀርመኖች የከፈተችው መስከረም 1 ቀን 1982 ዓ.ም. (1989)፥ በአገራችን እንቁጣጣሽ በሚከበርበት ዕለት ነው። በሺህ የሚቆጠሩት በዚያ በኩል አልፈው ሄዱ፤ ሌሎች በፕራግ የምዕራብ ጀርመን ኤምባሲ ግቢ ሰፈሩ፤ የቀሩት በላይፕሲግ ጎዳና ሰልፍ ወጡ። ጥቅምት 30 ቀን ማታ ባለሥልጣኑ ጉንተር ሻቦቭስኪ ስለ አዲሱ የጉዞ ደንብ መግለጫ ሲሰጡ፥ ከመቼ ጀምሮ ነው ተብለው ቢጠየቁ ወረቀታቸውን አገላብጠው ከአሁን ጀምሮ አሉ። ሕዝቡ በየበሩ ጎረፈ፤ ትእዛዝ ያልደረሳቸው ጠባቂዎች በዚያው ሌሊት በሩን ከፈቱ። በአንዳቸውም በር የኀያላን ታንክ አልታየም።

ከዚያ ወዲህ ለአዲስ አበባ ይላክ የነበረው የጦር መሣሪያ ቆመ። ምሥራቅ ጀርመን መስከረም 23 ቀን 1983 ዓ.ም. ከምዕራቡ ጋር ተዋሕዳ ከካርታ ጠፋች፤ ኮሎኔል መንግሥቱ በዚያው ዓመት ግንቦት 13 ቀን ወደ ዚምባብዌ ኮበለሉ። በ1953 ዓ.ም. የግንቡን ሥራ የመሩት፥ ኋላም የአገሪቱ መሪ የሆኑት ኤሪክ ሆኔከር በ1983 ዓ.ም. ወደ ሞስኮ ሸሽተው ነበር፤ ለፍርድ ተመልሰው ክሱ በሕመማቸው ምክንያት ከተቋረጠ በኋላ ወደ ቺሌ ሄደው በግንቦት 1986 ዓ.ም. በሰው አገር ሞቱ።